በአንድ ድረ ገጽ ላይ የልዩ ልዩ ማዕቀፎችን ክፍሎች አጣምሮ ስለ ማሠራት

አንድ ነጋዴ ሱቁን ለማደስ ሲነሣ፣ ገበያውን ዘግቶ ቤቱን ከመሠረቱ ከማፍረስ ይልቅ አንዱን ክፍል እያደሰ በሌላው መሸጡን ይቀጥላል። በኢንተርኔት የሚነግድ ድርጅትም ድረ ገጹ ሲያረጅበት የሚገጥመው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም። ባለሙያው «አሮጌው ይቅርና ሁሉም በአዲስ ይሠራ» ብሎ ሲመክር፣ የድርጅቱ ባለቤት ወጪውንና የሚባክነውን ጊዜ እያሰበ ያመነታል። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም አሮጌውንና አዲሱን በአንድነት እያሠሩ ቀስ በቀስ መዛወር ነው። ነገር ግን መንገዱ የሚጠቅመው ደንቡን ጠብቆ ለሚሄድበት ብቻ ስለሆነ፣ ደንቡን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ የፈጠረው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ድረ ገጽ ቅጽ የሚቀበለው፣ ዋጋ የሚያሰላውና ለደንበኛው ወዲያው መልስ የሚሰጠው በአብዛኛው በዚሁ ቋንቋ ነው። ማዕቀፍ የሚባለው ደግሞ ባለሙያው ሁሉን ከመጀመሪያው እንዳይጽፍ አስቀድሞ የተዘጋጀ የሥራ ደንብና መሣሪያ ነው። ከታወቁት መካከል ጉግል በ2010 ያወጣው አንጉላር ጄኤስ፣ ፌስቡክ በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት፣ ኢቫን ዩ በ2014 ያወጣው ቪው ይገኛሉ። በእነዚህ የሚሠራ ገጽ ከትናንሽ ክፍሎች ይገነባል፤ የዕቃው ዝርዝር አንድ ክፍል፣ የግዢው ቅርጫት አንድ ክፍል፣ የክፍያው ቅጽ ሌላ ክፍል ይሆናል።

ጉዳዩ ለነጋዴ ምን ያህል እንደሚያሳስብ የአንጉላር ጄኤስ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ጉግል በ2016 ያወጣው ተከታዩ አንጉላር እንደ አዲስ የተጻፈ ስለነበረ፣ በቀድሞው የተሠሩት ድረ ገጾች ሳይለወጡ ወደ እርሱ ሊዛወሩ አልቻሉም። ለቀድሞው ይሰጥ የነበረው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የጥበቃ ጉድለት ቢገኝበት ጉግል አያርመውም፤ የደንበኞቹን ስምና ሒሳብ በዚያ የሚያስተናግድ ድርጅት አደጋውን የሚሸከመው ራሱ ነው። አዘጋጆቹ ይህን አስቀድመው በማሰብ ሁለቱ ባንድ ገጽ አብረው የሚሠሩበትን መሸጋገሪያ መሣሪያ ሠርተው ነበር። የመሣሪያውም ዋና ደንብ እያንዳንዱ የገጹ ቁራጭ ባለቤቱ አንድ ማዕቀፍ ብቻ ይሁን የሚል ነው።

ስለ ምን ቢባል፣ ማዕቀፍ እንደ መዝገብ ያዥ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ሪአክት በገጹ ላይ ያለውን ሁሉ በራሱ መዝገብ ይይዛል፤ ለውጥ ሲመጣ አዲሱን ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ብቻ በገጹ ላይ ያርማል። ሌላ ማዕቀፍ በዚያው ቦታ ሳያስታውቅ አንድ ነገር ቢጨምር ወይም ቢያነሣ መዝገቡና ገጹ ይለያያሉ። በአንድ ግምጃ ቤት ሁለት መዝገብ ያዦች ሳይነጋገሩ ዕቃ ቢያወጡና ቢያስገቡ የሚደርሰው ጉድለት በገጹም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የሚከተሉት አምስት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው።

1ኛ/ ወሰን። አንዱ ማዕቀፍ በሌላው ክልል ውስጥ እጁን አያስገባ። ከተቻለ ወሰኑ በገጽና በገጽ መካከል ቢሆን ይመረጣል፤ የዕቃው ዝርዝር ገጽ በአዲሱ፣ የክፍያው ገጽ በአሮጌው ቢሠራና እያንዳንዱ ለብቻው ቢከፈት ሁለቱ ከቶ አይጋጩም።

2ኛ/ መገናኛ። በአንድ ገጽ መገናኘታቸው የግድ ከሆነ፣ ብራውዘሩ ራሱ በሚያውቀው «ከስተም ኤለመንት» በሚባለው ደንብ መጠቅለል ይገባል። ይህን ደንብ ክሮም በ2016፣ ሳፋሪ በ2017፣ ፋየርፎክስ በ2018 ተቀብለውታል። እንዲህ የተጠቀለለ ክፍል በማናቸውም ማዕቀፍ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ መረጃ ከውጭ ይሰጠዋል፣ እርሱም የሆነውን በመልእክት ያስታውቃል። ሪአክት ለእነዚህ ክፍሎች የተሟላ ድጋፍ የሰጠው በ2024 መጨረሻ በወጣው በ19ኛው እትም ስለሆነ፣ በቀደሙት እትሞች የሚሠራ ሰው መረጃ አቀባበሉን በጥንቃቄ መመርመር አለበት።

3ኛ/ አንድ መዝገብ። የደንበኛው ማንነትና የቅርጫቱ ይዘት በሁለቱ ማዕቀፎች ለየብቻ መያዝ የለበትም። ከሁለቱም ውጭ በአንድ ስፍራ ተይዞ ሁለቱም ከዚያ ያንብቡ፤ አለዚያ ደንበኛው የሰረዘው ዕቃ በሒሳቡ ላይ ተቆጥሮ ይገኛል።

4ኛ/ ስንብት። አንድ ክፍል ከገጹ ሲነሣ የሠራው ማዕቀፍ እንዲያውቀው ማድረግ ያስፈልጋል። ካልታወቀው የተነሣው ክፍል በስውር ሥራውን ይቀጥላል፤ የመሣሪያውንም ማስታወሻ ይይዛል።

5ኛ/ መልክ። የአንዱ የቀለምና የፊደል ትእዛዝ ወደ ሌላው ተሻግሮ መልኩን እንዳያበላሽ፣ እያንዳንዱ በራሱ ወሰን ይታጠር። ብራውዘሮች «ሻዶው ዶም» በሚባለው ዘዴ ይህን አጥር ይሰጣሉ።

ይህ ሁሉ ቢጠበቅም ማጣመር ያለ ዋጋ አይገኝም። ሪአክት ለብቻው ተጨምቆ እንኳ ከ40 ኪሎባይት ይበልጣል፤ ሌላ ማዕቀፍ ሲታከልበት ደንበኛው የሁለቱን ጭነት ይሸከማል። የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ በስልኩ የሚገበይ ሰው ይህን በገንዘቡም በጊዜውም ይከፍላል፤ ገጹ ከዘገየበት ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ድርጅቱም የሁለቱን ሙያ የሚያውቅ ሠራተኛ ማቆየት ይኖርበታል።

ስለዚህ የድርጅት ባለቤት ከባለሙያ ጋር ውል ሲዋዋል ሦስት ነገሮች በጽሑፍ እንዲሰፍሩ ማድረግ ይጠቅመዋል፤ የትኛው ክፍል መቼ እንደሚዛወር፣ የጋራው መረጃ የት እንደሚያዝ፣ አሮጌው ማዕቀፍ ፈጽሞ የሚወገድበት ቀን። የዕቃ ፍለጋውን የመሰለ፣ ቢሳሳት ገንዘብ የማያጠፋ ክፍል አስቀድሞ ቢዛወር፣ ክፍያው ግን ሌላው ሁሉ ከተፈተነ በኋላ በመጨረሻ ቢከተል መልካም ነው። ቀን ያልተቆረጠለት መሸጋገሪያ ለዓመታት የሁለት ቤት ኪራይ እንደ መክፈል ይሆናል፤ ቀኑ ተቆርጦ ወሰኑ ተጠብቆ የተሠራ እንደ ሆነ ግን፣ ድርጅቱ ንግዱን አንድ ቀን ሳይዘጋ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይሻገራል።