ረጅም ቱቦ ሄደር ሲገዛ፤ የሚታየው ዋጋና የማይታየው ወጪ

በመኪና ዕቃ ገበያ ውስጥ ዋጋቸው ገና ከመደርደሪያ ላይ ሳሉ የሚነበብ፣ ጥራታቸው ግን ከዓመታት በኋላ የሚታወቅ ዕቃዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በአሜሪካ ገበያ ለኃይለኛ መኪኖች በብዛት የሚሸጠው «ረጅም ቱቦ ሄደር» ነው። አንዱ በጥቂት መቶ ዶላር ሲሸጥ፣ ሌላው ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ለዓይን ሁለቱም የታጠፉ ቱቦዎች ናቸው። የዋጋው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ የማያውቅ ገዢ ወይ ያለ ጥቅም ብዙ ይከፍላል፣ ወይ ርካሹን ገዝቶ ሁለት ጊዜ ያወጣል።

ሄደር ምን ይሠራል?

ከፋብሪካ የሚወጡ ብዙ ሞተሮች የተቃጠለውን ጭስ ከሲሊንደሮቹ የሚቀበሉት በቅርጽ በፈሰሰ አጭር ብረት፣ ማለትም በማኒፎልድ ነው። ማኒፎልድ ርካሽ፣ ጠንካራና ድምፅ የማያበዛ ነው። ነገር ግን የየሲሊንደሩ ጭስ በጠባብ ቦታ ስለሚገናኝ እርስ በርሱ ይገፋፋል።

ሄደር በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን ቱቦ ይሰጣል። በረጅሙ ዓይነት ቱቦዎቹ ከ70 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጉዘው በአንድ መሰብሰቢያ ይገናኛሉ። ከአንዱ ሲሊንደር በፍጥነት የሚወጣው ጭስ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ትቶ ስለሚያልፍ፣ የሚቀጥለው ሲሊንደር ጭሱን በቀላሉ ያወጣል። ለምሳሌ በሸቭሮሌት ኤል ኤስ 3 ባለ 6.2 ሊትር ሞተር የማቀጣጠሉ ቅደም ተከተል 1-8-7-2-6-5-4-3 ነው። ተከታትለው የሚቀጣጠሉት 2ኛውና 6ኛው በአንድ ወገን፣ 3ኛውና 1ኛው ደግሞ በሌላው ወገን የሚገኙ ናቸው። እነዚህ ጎረቤቶች እንዳይገፋፉ መለየት የሄደሩ ዋና ሥራ ነው።

የሚገኘው ትርፍ እንደየሞተሩ ይለያያል። የመኪናው ኮምፒዩተር አብሮ ከተስተካከለ፣ በዚህ ዓይነት ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከ15 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ነው። ሆኖም ፋብሪካው ራሱ የተሻለ ማውጫ በገጠመበት መኪና ትርፉ ያንሳል። ፎርድ በ2011 ሞዴል ሙስታንግ ጂቲ ላይ ባለ 5 ሊትሩን ሞተር ሲያወጣ ማኒፎልዱን ከስቴንለስ ቱቦ ሠርቶት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሄደሩ ስንት ነው?» ሳይሆን «መኪናው ላይ ያለው ምንድን ነው?» መሆን አለበት።

ትልቅ ቱቦ ሁሉ አይጠቅምም

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በቱቦው ስፋት ነው። በገበያው የተለመዱት 1 ከ3/4 ኢንች (44.5 ሚሊ ሜትር)፣ 1 ከ7/8 ኢንች (47.6 ሚሊ ሜትር) እና 2 ኢንች (50.8 ሚሊ ሜትር) ናቸው። ቱቦው ሲሰፋ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ብዙ ጭስ ያወጣል። በዝቅተኛ ዙር ግን የጭሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ የመሳብ ጥቅሙ ይዳከማል። ለ6.2 ሊትር የመንገድ መኪና ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱ ይበቃል። 2 ኢንቹ የሚገባው በብርቱ ለተሻሻለ ወይም ለእሽቅድምድም ለተዘጋጀ ሞተር ነው። ዘወትር በከተማ የሚነዳ ሰው ሰፊውን ሲገዛ፣ ለማይጠቀምበት ዙር ከፍሎ የሚጠቀምበትን ይቀንሳል።

የብረቱ ዓይነትና ውፍረት

የዋጋ ልዩነት ዋናው ምንጭ ብረቱ ነው። ተራ ብረት ርካሽ ቢሆንም ይዝጋል። የሴራሚክ ቅብ ዕድሜውን ሊያራዝምለት ይችላል፤ ቅቡ የተላጠበት ቦታ ግን ዝገት ይጀምራል። 409 የሚባለው ስቴንለስ 11 በመቶ ያህል ክሮሚየም ስላለው የላይኛው ገጽታው ቢዝግም ቶሎ አይበላም። 304 የሚባለው 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል ይዞ ዝገትን በይበልጥ ይቋቋማል፤ ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል። ሻጩ «ስቴንለስ» ብቻ ካለ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውፍረቱ በጌጅ ሲነገርም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳልና። 16 ጌጅ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከቴስታታው ጋር የሚገጥመው ሳህንም ቢያንስ ከ9 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ቢኖረው ይመረጣል። ቀጭኑ በሙቀት ሲጣመም ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፣ ጭስም ያስተነፍሳል።

ከመግዛት በፊት መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ቱቦው ወደ መሬት ምን ያህል ይወርዳል? ወደ ካንዴላ ገመድና ወደ ሞተሪኖ ምን ያህል ይቀርባል? የኦክስጅን መለኪያው ሽቦ ይደርሳል ወይስ መቀጠያ ያስፈልገዋል? እነዚህን ያላገናዘበ ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ተጨማሪ የሥራ ሰዓት ያስከፍላል።

ሕጉን ያላየ ሁሉንም ሊያጣ ይችላል

ረጅም ቱቦ ብዙ ጊዜ ጭስ ማጣሪያውን፣ ማለትም ካታሊቲኩን፣ ከፋብሪካ ቦታው ያስነሳል። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ የመንገድ መኪና ጭስ መቆጣጠሪያን ማንሳትም ሆነ ከሥራ ውጪ ማድረግ ይከለክላል። በመሆኑም ብዙዎቹ «ለእሽቅድምድም ሜዳ ብቻ» ተብለው ይሸጣሉ። በካሊፎርኒያ ዕቃው የክልሉ የአየር ጥራት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ከሌለው መኪናው የጭስ ምርመራውን ማለፍ ይሳነዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያም ምርመራው አለ።

ዋስትናን በተመለከተ፣ በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ አምራቹ ሌላ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናውን እንዳይሰርዝ ያግደዋል። ጉዳቱን ያደረሰው ያ ዕቃ ከሆነ ግን አምራቹ ላለመክፈል መብት አለው።

የሂሳቡ ነገር

ለምሳሌ ያህል ርካሹ 500 ዶላር፣ ውዱ 1,600 ዶላር ነው ይባል። የመግጠሚያው 800፣ የኮምፒዩተር ማስተካከያው 500 ዶላር ለሁለቱም እኩል ነው። ማገናኛ ቱቦው ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ከሂሳቡ ይውጣ። ርካሹ በድምሩ 1,800፣ ውዱ 2,900 ዶላር ይፈጃል። ትርፉ 20 የፈረስ ጉልበት ቢሆን፣ አንዱ ጉልበት በርካሹ 90፣ በውዱ 145 ዶላር ወጣ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ርካሹ አሸናፊ ነው። አንድ ጊዜ ዝጎ ወይም ተጣምሞ ሲለወጥ ግን ለዕቃው 500፣ ለመግጠሚያው 800 ዶላር እንደገና ይወጣል። ድምሩ 3,100 ዶላር ደርሶ አንዱ ጉልበት 155 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱን የገለበጠው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው። መኪናውን በሁለት ዓመት ውስጥ ለሚሸጥና በደረቅ አገር ለሚነዳ ሰው ርካሹ ስህተት አይደለም። በክረምት ጨው በሚረጭበት መንገድ ለሚነዳና መኪናውን ለብዙ ዓመት ለሚይዝ ግን 304 ስቴንለስ ይቀንስለታል። ሁለቱም ቢሆኑ የፋብሪካውን ማኒፎልድ መጣል የለባቸውም፤ መኪናው ሲሸጥ ብዙ ገዢ የሚፈልገው እንደ ተፈጠረ ያለውን ነው።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ሄደር አያስመጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ማቆየት ለብዙ ባለቤት የግድ ሆኗል። ለዚህ ሰው የሚቀርብ ማርሚታም ሆነ ጓርኒሲዮን በዚሁ ሚዛን ይመዘናል፤ ዕቃው በስንት ተገዛ ብቻ ሳይሆን፣ ለመግጠም ስንት ጊዜ ይከፈልበታል?