የጉሊት ሂሳብ

ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ቋሚ ሱቅ በጥቂት ገንዘብ የሚካሄድ የከተማ ሥራ በምጣኔ ሀብት ትምህርት «ኢመደበኛ ዘርፍ» ይባላል። ስያሜው በሰፊው የታወቀው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ካወጣው ጥናት ወዲህ ነው። ሥራው ግን ከስሙ ይቀድማል፤ በእኛ አገር ጉሊት፣ ጠላ ንግድ፣ ሊስትሮ፣ ሱቅ በደረቴ የምንለው ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ጉሊት የማያድገው ባለቤቷ ስለማትቆጥብ ነው» ይላል። እስቲ በቁጥር እንየው። የፎገራ ሽንኩርት መካነ ኢየሱስ ላይ የምትሸጥ አንዲት እናት እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው።

የ20 ኪሎ መግዣ፣ በ40 ብር ሂሳብ፦ 800 ብር
2 ኪሎ በስብሶ የ18 ኪሎ ሽያጭ፣ በ50 ብር ሂሳብ፦ 900 ብር
የመኪናና የተሸካሚ፦ 50 ብር
የተጣራ ትርፍ፦ 50 ብር

ቤቷ ለዕለት አስቤዛ 60 ብር ቢፈልግስ? 10 ብሩ ከመነሻው ይነሳል። ለሚቀጥለው ገበያ 790 ብር ይዛ ትወጣለች። የበሰበሰው 5 ኪሎ ከሆነ ደግሞ ሽያጩ 750 ብር ብቻ ነው፤ የመኪናው ሳይቆጠር መግዣዋን እንኳ አልመለሰችም። ታዲያ ከምኑ ትቆጥብ?

እንግዲህ ችግሮቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ መጋዘንና ጥላ የለም፤ ዝናብና ፀሐይ ዕቃውን ያበላሹታል።

ሁለተኛ፣ ባንክ መያዣ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚቀረው ዕቁብ፣ አራጣ ወይም የቡድን ዋስትና ብድር ነው። በቡድን ዋስትና በማበደር የታወቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ሦስተኛ፣ መዝገብ የለም። መዝገብ የሌለውን ሰው ገቢ ሌላው ይገምትለታል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ከጉሊት ከፍ ያሉት የ«ደረጃ ሐ» ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት በዝቶብናል ብለው በአምቦና በወሊሶ ሱቅ እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር።

መጋዘንና ብድር ከእኛ ከእጩ መምህራን አቅም በላይ ነው። ሦስተኛው ግን የእኛው ሥራ ነው። የባለ ጉሊቷ ልጅ ነገ ከፊታችን ይቀመጣል። ትርፍና ኪሳራን ስናስተምር የበሰበሰውንና የመኪናውን መቀነስ ከለመደ፣ ማታ የእናቱን ሂሳብ በአንድ ደብተር ይይዝላታል።

መልመጃ፦ ከላይ ባለው ምሳሌ 3 ኪሎ ቢበሰብስ ለአስቤዛ ስንት ብር ይተርፋል? መነሻው ሳይነካ 60 ብር እንዲተርፍስ 18ቱ ኪሎ በስንት ብር ሂሳብ መሸጥ አለበት?