ትንሣኤ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

«ልጄ፥ ‹ተንሥኡ› ማለት ምን ማለት ነው?» ሲሉ አንዲት እናት በማታው ትምህርት ላይ ጠየቁኝ። ዲያቆኑ ይህን ባለ ቁጥር እንደ ሰው ሁሉ ከተቀመጡበት እየተነሡ እድሜያቸውን ገፍተዋል። ፍቺውን ግን የነገራቸው የለም። እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሰውዬ «ተነሡ ማለት ይመስለኛል» ከማለት በቀር ሥሩን አላውቀውም ነበር። በማግሥቱ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። በጎጃም ለዚህ ችግር የለም፤ እነዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናቸው። የቅኔ ተማሪም አስቀድሞ የሚያጠናው ግሥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግዕዝ «ነሥአ» ማለት ወሰደ፥ ያዘ፥ አነሣ ማለት ነው። ዕብራይስጥም ለማንሣትና ለመሸከም የሚለው ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። «ተ» ሲጨመርበት «ተንሥአ» ይሆናል፤ ራሱን አነሣ፥ ቆመ እንደማለት። ለብዙ ሰዎች ሲታዘዝ «ተንሥኡ» ነው። ከዚሁ ግሥ «ትንሣኤ» ወጣ፤ ከተነበየ «ትንቢት»፥ ከታገሠ «ትዕግሥት» እንደሚወጣ ሁሉ።

አማርኛችን ግን «ነሣ»ን ወደ ሌላ ወሰደው። መውሰድ ቀርቶ መከልከል ሆነ፤ «ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ» እንላለን። አንዱ ሲወስድ ሌላው ይቀርበታልና ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ማንሣቱ በ«አነሣ» ቀረ፦ ሰው ሸክም ያነሣል፥ ክርስትና ያነሣል። ታሞ የተኛ ሰው ሲሻለውም «ተነሣ» ነው የሚባል።

«ፋሲካ»ስ? እሱ በግሪክኛ በኩል የመጣ ነው፤ ግሪኮቹም ከዕብራውያን ነው ያገኙት። እስራኤል ከግብፅ ከወጡበት በዓል ጋር የተያያዘ ሲሆን ማለፍ ማለት ነው። ስለዚህ በዓሉ አንድ፥ ስሙ ሁለት። የሚቀጥለው እሑድ «ዳግማይ ትንሣኤ» ሲባል፥ «ዳግማይ» ሁለተኛ ማለት ነው።

አጻጻፉ ላይ ተጠንቀቁ! በ«ንጉሡ ሠ» ነው እንጂ በ«እሳቱ ሰ» አይደለም። ጥንት ሁለቱ ፊደሎች ድምፃቸው የተለያየ ነበር። ዛሬ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይስታል፤ እኔም እስታለሁ።

ይህን ለክፍሉ ባስረዳሁበት ምሽት እኒያ እናት ጠመኔውን ተቀበሉኝና አራቱን ፊደል ሰሌዳው ላይ ጻፉ። መጀመሪያ በ«ሳ» ነበር የጻፉት፤ ሳልናገር ራሳቸው አጥፍተው «ሣ» አደረጉት።

«እንግዲህ ዲያቆኑ ሲል አውቄ ነው የምነሣ» አሉ።