የበግ ጠጉር የሚመስለው ድንጋይ

ዛሬ ኤሪዮናይት ስለሚባል ማዕድን እንማራለን። ኤሪዮናይት ዚዮላይት ከሚባሉት ማዕድናት አንዱ ነው፤ እንደ ልብ ግን አይገኝም።

ዚዮላይት በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» ማለት ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ቀዳዳዎቹ ውሃ ይይዛሉ፤ ድንጋዩ ሲሞቅ ውሃው ተንኖ ይወጣል።

ኤሪዮናይት የሚፈጠረው የእሳተ ገሞራ አመድ ለብዙ ዘመን ከውሃ ጋር ሲቆይ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦሪገን የተገኘው ነጭና ቀጭን፣ ልክ እንደ በግ ጠጉር ነበር። ስለዚህ «የበግ ጠጉር» ከሚለው የግሪክ ቃል ስም ወጣለት።

ታዲያ ለስላሳ ስለሚመስል እንጫወትበት? በፍጹም! በቱርክ አገር፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ቀጰዶቅያ በተባለው አካባቢ፣ የአንዳንድ መንደር ሰዎች ኤሪዮናይት ካለበት ድንጋይ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። አቧራው በትንፋሽ እየገባ ብዙዎቹ በካንሰር ሞቱ። ሐኪሞች ምክንያቱን የደረሱበት በ1970ዎቹ ነው። በኋላ ቱዝኮይ የምትባለው መንደር ሰዎች ወደ አዲስ ቤት ተዛወሩ።

ልጆች፣ የማታውቁትን ድንጋይ አትፍጩ፣ አቧራውንም አትሳቡ። መጀመሪያ ትልቅ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ
1. ዚዮላይት ሲሞቅ ምን ይወጣዋል?
2. ኤሪዮናይት ሰውን የሚጎዳው እንዴት ነው?