ፀሐይ በማይጠፋበት ከተማ የሕፃናት የደም ካልሲየም ማነስ፦ መንስኤውና አያያዙ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። ቆዳ ቫይታሚን ዲን የሚያመርትበት አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር በእንዲህ ያለ ስፍራ እጥረት የለበትም። ይሁን እንጂ የአጥንት መልፈስፈስን የሚያስከትለው ሪኬትስ በከተማዋ የሕፃናት ሕክምና ውስጥ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ እንደነበረባቸው፣ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 500 ግን 20ዎቹ ብቻ እንደተገኘባቸው አሳይቷል። የጎድን አጥንቱ የላላና ጡንቻው የደከመ ሕፃን አክታውን ጠርጎ ማውጣት እንደሚያዳግተው ሲታሰብ ውጤቱ አያስገርምም።

የሪኬትስ አደገኛ ገጽታ የደም ካልሲየም ማነስ ነው። በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ ነጻ ሆኖ ሲንቀሳቀስ፣ ከቀሪው አብዛኛው አልቡሚን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ሥራውን የሚሠራው ነጻው ነው። በመሆኑም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን አልቡሚኑ ስለሚቀንስ ብቻ ጠቅላላ ልኬቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህን ሳያገናዝቡ ውጤት ማንበብ ያሳስታል። ካልሲየም ሲቀንስ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን በማመንጨት ከአጥንት ካልሲየም ያስወጣሉ፣ ኩላሊትም እንዳያባክን ያደርጋሉ፤ አንጀት ካልሲየምን በሚገባ እንዲመጥ ግን ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። እጥረቱ ሲራዘም አጥንቱ እየሳሳ የደሙ መጠን ለጊዜው ይጠበቃል፤ መከላከያው ሲሟጠጥ ሕፃኑ በድንገት ይንቀጠቀጣል።

ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው የምሥራቅ አዲስ አበባ ክፍል ግቢ ያለው ቤት በብዙ ቦታ ለኮንዶሚኒየምና ለፎቅ ቤት ስፍራውን ለቋል። ወላጅ ማልዶ ወደ ሥራ ሲሄድ ሕፃኑ ከሞግዚት ጋር እቤት ይውላል፤ ብርድ፣ ምችና የሰው ዓይን ይፈራለታል። ፀሐይ የማሞቁ ልማድ ባይጠፋም ከደጅ ወደ መስኮት ተሸጋግሯል። የመስኮት መስተዋት ደግሞ አልትራቫዮሌት ቢን ስለሚያስቀር ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አያስገኝም። ገና የወጣች የማለዳ ፀሐይም ጨረሯ አየሩን በስላች ስለሚያቋርጥ ጥቅሟ አነስተኛ ነው። በአዳማና አካባቢዋ በተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የቫይታሚን ዲ እጥረትን በከተማ 61.8 በመቶ፣ በገጠር 21.2 በመቶ አግኝቷል። ሰማዩ አንድ ነው፤ የሚለየው አኗኗሩ ነው።

ምግቡም ድርሻ አለው። የእናት ጡት ወተት በቫይታሚን ዲ ድሃ ነው፤ እናቲቱ ራሷ እጥረት ካለባት ይብሳል። ጤፍ በካልሲየም ከብዙ እህሎች ይበልጣል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፋይቴት ካልሲየሙን ይይዘዋል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ሳይቦካ የሚዘጋጀው አጥሚት ግን ይህ ጥቅም የለውም። በጾም ወራት ወተት ከቤት ሲጠፋ ሕፃኑም ሳይታሰብ አብሮ ይጾማል። ከሪኬትስ ውጭ የማግኒዚየም እጥረት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች በተፈጥሮ አለመሥራት፣ በአዋቂዎችም ዘንድ ዕጢዎቹ በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ወቅት መጎዳታቸው ይጠቀሳሉ።

ያለ ትኩሳት የሚንቀጠቀጥ፣ እጁ የሚኮማተር፣ ሲያለቅስ ጉሮሮው የሚጮኽ ሕፃን ከደም ስኳሩ ጋር ካልሲየሙም ሊለካ ይገባል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ብቻውን ይህን መንቀጥቀጥ በአስተማማኝ ሁኔታ አያስቆምም። ምልክት ሲኖር 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በኪሎ ግራም ክብደት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር፣ ቢያንስ በ10 ደቂቃ፣ የልብ ምት እየታየ በደም ሥር ይሰጣል። ፈጥኖ ከገባ ልብን ያዘገያል፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያበሰብሳል። ለሳንባ ምች ሴፍትሪያክሶን የታዘዘለት ሕፃን ሁለቱን በአንድ መስመር መቀበል የለበትም፤ በጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ ጥምረቱ ጨርሶ የተከለከለ ነው። ማግኒዚየም አንሶ ከሆነ እርሱ ሳይታከም ካልሲየም አይቃናም።

ከአደጋው በኋላ የሚታየው ስሕተት ቫይታሚን ዲን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ነው። የተራበው አጥንት ካልሲየምን ከደም መሳብ ሲጀምር ማነሱ ሊያገረሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ከአንድ ዓመት በታች ላሉ 2,000፣ ከ1 እስከ 12 ዓመት ላሉ ከ3,000 እስከ 6,000 ዓለም አቀፍ አሃድ ቫይታሚን ዲ በየቀኑ፣ ቢያንስ ለ3 ወር፣ ከ500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ጋር እንዲሰጥ ይመክራል። ለመከላከል በጨቅላነት በቀን 400 አሃድ ይበቃል። የ45 ቀኑ ክትባት እናትና ልጅ በአንድነት ጤና ባለሙያ ፊት የሚቀርቡበት ቀን ነው፤ ልጁ ፀሐይ የሚሞቀው በደጅ ነው ወይስ በመስኮት ብሎ መጠየቅ፣ የ9 ወሩ ክትባት ሲደርስም እርግብግቢቱንና የእጁን አንጓ መዳሰስ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።