ንባቡ በቤት፣ ጥያቄው በመምህሩ ፊት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ በመካከላችን ዘወትር የሚነሣው ስለ ጥምቀቱ ነው፤ የተማረበት መንገድ ግን እምብዛም አይታሰብም። ጃንደረባው ፊልጶስን ከማግኘቱ አስቀድሞ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም ወዲያው ስብከት አልጀመረም፤ ያነበበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ባልገባው ጊዜ ጠየቀ፤ ትምህርቱም ከዚያ ጥያቄ ተነሣ።

ዛሬ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ «የተገለበጠ የመማሪያ ክፍል» የሚባለው ዘዴ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2007 ትምህርታቸውን በቪዲዮ ቀርጸው ተማሪዎቹ ከክፍል ውጭ እንዲያዩት አደረጉ፤ የክፍሉንም ሰዓት ለጥያቄና ለልምምድ አዋሉት። ዋናው ነገር ግን ቪዲዮው አይደለም። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሠራጭ በነበረው «ፕላዝማ» የተማሩ ይህን ያውቁታል። ሥርጭቱ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ስለሚወስድ ለመምህሩ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ያልገባው ተማሪም «ቆይ» ሊለው አይችልም።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ የምናስተምር ብዙዎቻችን ከልጆቹ ጋር የምንገናኘው በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ እርሱንም ጽሑፍ በማስገልበጥ እንጨርሰዋለን። ስለሆነም መምህሩ ወረቀት ከማዘጋጀቱ በፊት ልጁ በትምህርቱ መጨረሻ ምን ማድረግ እንዲችል እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ለምሥጢረ ንስሐ በሚዘጋጁት ዘንድ ግቡ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ማወቅ ሳይሆን ኅሊናን መመርመር መቻል ነው። በቤታቸው ሉቃስ 15፥11-32ን አንብበው ታናሹ ልጅ ወደ ልቡ የተመለሰው መቼ እንደሆነ ብቻ ያስቡ። እሑድ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች መልሳቸውን በአጭሩ ይጽፋሉ፤ ይኸውም ለማርክ ሳይሆን ያልገባቸውን ለማወቅ ነው። የቀረው ጊዜ ታላቁ ልጅ በውጭ ለምን እንደ ቆመ መነጋገሪያ ይሁን። ይህ ለብቻ የሚደረስበት አይደለም፤ ብዙዎቻችንም ራሳችንን የምናገኘው እዚያ ነው።

እኛ መጀመሪያ ስንሞክረው አራት ገጽ አደልን። አንብበው የመጡት የተማሩ ወላጆች ያሏቸው ብቻ ሆኑ፤ የቀሩት አንገታቸውን ደፉ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ግማሽ ገጽ አደረግነው፤ ልጁ በቤቱ እንደሚናገርበት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አዘጋጀነው። ማንበብ ለማይችለው ታላቅ እኅቱ ወይም የክርስትና አባቱ ያነብለታል። ወላጆቻቸው እሑድም በእርሻ ልማት ሥራ የሚውሉባቸው ልጆች ሩብ ሰዓት ቀድመው መጥተው በግቢው ዛፍ ሥር ያነባሉ። ሳያነብ ለመጣው ግን ትምህርቱን ከመጀመሪያው አንደግምም፤ ካነበበ ጓደኛው ጋር እናስቀምጠዋለን። ብንደግመውማ ያነበቡት በከንቱ እንደ ደከሙ ይቈጥሩት ነበር።

ከሁለቱ ልጆች አንዷ ተመልሳለች። ሁለተኛውን ቤቱ ድረስ ሄደን ጠየቅነው፤ ወረቀቱንም ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ከእናቱ ጋር አብረን አነበብነው።