የትኛውን በገዛ እጃችን እንሥራ? የትኛውን ለመካኒክ እንተው?



«የመምህራን ማሠልጠኛንና የመኪና ጥገናን ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ግን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ከሙያችን የራቀ አይደለም። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ቦታ ትምህርት ቤቱ አሮጌ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ሊኖረው ይችላል። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ደግሞ «መምህሩ ያውቃል» እየተባለ ወደ እኛ መመጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የምንችለውን ለመሥራትና የማንችለውን «አንችልም» ለማለት ከአሁኑ መለየት ያስፈልገናል። እኛ ሦስት ሠልጣኞች ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ደሴ ላይ ከደረሰብን ነገር ስለሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

1. የገጠመን ነገር

የአንዳችን ታላቅ ወንድም አንዲት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለቻቸው። ጠዋትና ማታ የሠፈር ሕፃናትን ትምህርት ቤት ያመላልሱባታል፤ የቤቱ እንጀራ ከእርስዋ ነው። እኛም ቤታቸው እንግዳ ሆነን ስለሰነበትን ውለታ ለመመለስ ብለን በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩን ዘይት ቀየርን፣ የአየር ፊልትሮውን አራገፍን፣ ካንዴላዎቹን አውጥተን ጠረግን። መኪናዋ አንድ ጊዜ ሲነካት ትነሳ ጀመር። ምን ዋጋ አለው! እኛም አብረን ተነሳን፤ ልባችን አበጠ ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የኋላው ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል በፍሬን ዘይት ረጥቦ ተገኘ። ወንድምየው ጋራዥ ሊወስዷት ሲነሱ እኛ ፈጥነን «ጋሼ፣ ለምን ገንዘብ ያወጣሉ? እኛ እንሠራዋለን» አልናቸው። ታምቡሩን ከፍተን ያረጀውን ጎማ ለወጥን፤ አዲስ የፍሬን ዘይት ሞላን። ከዚያ አንዳችን ፔዳሉን እየረገጠ፣ ሌላው ከታች እየከፈተና እየዘጋ አየሩን ማስወጣት ያዝን። ሦስተኛው ደግሞ የዘይቱን ማጠራቀሚያ መጠበቅ ነበረበት፤ እሱ ግን ከታች የሚሆነውን ለማየት ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ስንል ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኗል። መልሰን ሞላነው፤ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመን ስንረግጠው ከፍ አለ። «በቃ፣ ሠራ!» ተባለ።

ወንድምየው መኪናዋን ሊሞክሯት ከእኛ አንዱን አጠገባቸው አስቀምጠው ወጡ፤ ሁለታችን ከኋላ በእግር ተከተልን። ደሴ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከጦሳ ግርጌ የተሠራ ከተማ ስለሆነ ሜዳው ጥቂት፣ ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። እሳቸው ሳይደናገጡ ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ መለሱ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተጉ አቆሟት። አንድ ቸርኬ ጎበጠ። ሰው አልተጎዳም።

ሮጠን ስንደርስ መንገዱ ዳር ተቀምጠው አገኘናቸው። አልተቆጡም። ዝም ብለው ቆዩና «ነገ ጠዋት አራት ሕፃናት እጭንባት ነበር» ብቻ አሉ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮአችን ማውጣት አልቻልንም።

2. ፍሬኑ ለምን እምቢ አለ?

በፊዚክስ ክፍል ሁላችንም የተማርነው ነው፤ ግን ተምረን አላስተዋልነውም። ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። የእግር ፍሬን የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት እምብዛም አይጨመቅምና የእግራችን ኃይል በቀጭኑ ቱቦ አልፎ አራቱም ጎማ ዘንድ ይደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። በመስመሩ ውስጥ አየር ከገባ እግራችን የሚለፋው አየሩን ለመጭመቅ ይሆናል፤ ጎማው ዘንድ የሚደርስ ኃይል አይኖርም።

ታዲያ ደጋግመን ስንረግጠው ለምን ከፍ አለ? በተደጋጋሚ ሲረገጥ አየሩ ለጊዜው ስለሚታመቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሲለቀቅ ተመልሶ ይላላል። እኛም የተታለልነው በዚህ ነው። የእጅ ፍሬኑ ያዳነን ደግሞ በዘይት ሳይሆን በሽቦ የሚሳብ ስለሆነ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ቀላል የማስተማሪያ መሣሪያ አለ። መርፌያቸው የወጣ ሁለት ስሪንጆች በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይያያዙና በውኃ ይሞሉ። አንዱን ስንገፋ ሌላው ወዲያው ይወጣል። ቀጥሎ የተወሰነ አየር አስገብተን እንግፋ፤ ሁለተኛው ዘግይቶ ሲንቀሳቀስ ወይም ጨርሶ እምቢ ሲል ተማሪው በዓይኑ ያያል።

3. መካኒኩ ያስተማሩን ሦስት ጥያቄዎች

መኪናዋን ያስተካከሉልን አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። «ልጆቼ፣ ጎማውን መለወጣችሁ ደህና ነው። ስትጨርሱ ፍሬኑ መሥራቱን በምን አወቃችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። «ፔዳሉ ከፍ አለልን» ብንላቸው ሳቅ አሉና «እግራችሁን ጭናችሁ አንድ ደቂቃ ቆያችሁ? ቀስ እያለ መውረዱን አያችሁ?» አሉን። አላየንም ነበር። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር ስንጫወት የሰማነውን በሦስት ጥያቄ አጠቃለነዋል።

ሀ) ብንሳሳት የሚጎዳው ማን ነው? ገንዘባችን ብቻ ነው ወይስ የሰው ሕይወት?

ለ) ሥራውን ስንጨርስ ትክክል መሆኑን መኪናው ሳይንቀሳቀስ ማረጋገጥ እንችላለን?

ሐ) ተገቢው መሣሪያ አለን? ቢበላሽብን ወደ ነበረበት መመለስ እንችላለን?

የሦስቱም መልስ ደህና ከሆነ እንሥራ። የ«ሀ» መልስ የሰው ሕይወት ከሆነ ግን ሌሎቹን ሁለቱን መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ሥራው የባለሙያ ነው።

4. በገዛ እጃችን ልንሠራቸው የምንችላቸው

— የሞተር ዘይትና ፊልትሮ መቀየር። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የዘይቱን ዓይነትና መጠን ከመኪናው መጽሐፍ እናንብብ። ዘይቱ ከኮፓው ከወረደ በኋላ ቡሎኑን መልሰን እንሰር፤ ሞልተን በመለኪያው ዘንግ እንይ። ስሕተት ቢኖር መሬቱ ላይ ጠብታ ይታያል፤ ማረጋገጥ ይቻላል ማለት ነው። የወረደውን ዘይት ግን ቦይ ውስጥ አንድፋው፤ የደሴ ቦይ መጨረሻው ቦርከና ነው።

— ካንዴላ መጥረግና መቀየር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። ገመዶቹ እንዳይምታቱ አንድ በአንድ እንሥራ። ካንዴላውን መጀመሪያ በጣት እንጂ በቁልፍ አናስገባ፤ ጥርሱ ከተበላ ጠስታታ እስከ ማስወረድ ያደርሳል።

— ባትሪ። ስንፈታ ኔጌቲቩን በፊት፣ ስናስር ኔጌቲቩን በመጨረሻ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ኔጌቲቩ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፖዘቲቩን በምንፈታበት ጊዜ ቁልፉ ብረት ቢነካ ብልጭታ ይፈጥራል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ክብሪት አይጫርም። ደህና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ተነስቶ 14 ቮልት ገደማ ያሳያል።

— ጎማ መቀየር። ዳዶዎቹን መኪናው በክሪክ ሳይነሳ ላላ እናድርግ፤ ስናስርም በተርታ ሳይሆን በመስቀለኛ እናጥብቅ። ከሁሉ በላይ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ሰው አይግባ! ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም።

— የራዲያተር ውኃ ማየት። ቀላል ይመስላል፤ ግን ስንቱን አቃጥሏል! ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክዳን በሌለው ድስት ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ግን ታፍኖ ስለሚኖር ከ100 ዲግሪ በላይ እየሞቀ እንኳ ላይፈላ ይችላል። ክዳኑን በትኩሱ ስንከፍት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ውኃው ፈልቶ ፊታችን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ይቀዝቅዝ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

5. አዋቂ አጠገባችን ሲኖር ብቻ

ቺንጋ መቀየር፣ ሞተሪኖ ወይም ዲናሞ ማውረድ፣ ካርቡራተር ፈትቶ ማጠብ፣ እነዚህ ሰው አይገድሉም፤ ግን ካላወቅን መኪናዋን ለሳምንት ያቆሟታል። መጀመሪያ ሲሠራ እንይ፤ ሁለተኛ እያየን እንሥራ፤ ሦስተኛ ለብቻችን እንሞክር። የማስተማር ልምምዳችንስ ከዚህ በምን ይለያል?

6. ለባለሙያ የምንተዋቸው

ፍሬን፦ ከላይ የተባለው ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ያረጃል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ሰዎች ዘይቱን የሚያፈሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። እንግዲህ በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ዘይቱንም በጊዜው ማስቀየር ነው። ደግሞም በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን በአፍ እፍ ማለት ለሳንባ መጥፎ ነው።

መሪና የእግር ክፍሎች፦ አንድ ዳዶ ከላላ መሪው እጃችን ላይ ይቀራል።

የታይሚንግ ቺንጋ፦ በብዙ ሞተሮች ይህ ቺንጋ በአንድ ጥርስ ቢዛነፍ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ቢዛነፍ ወይም ቢበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ እነዚህ መኪናዎች በየመንገዱ በዝተዋል። የብዙዎቹ ዋና ባትሪ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ብርቱካን ቀለም ያለውን ወፍራም ገመድ ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ።

7. ስለ ማሻሻያ አንድ የሒሳብ ምሳሌ

ብዙ ሰው ጥገናን ሲፈራ ማሻሻያን ይደፍራል። «ባለ 60 ዋቱን የፊት መብራት አውጥቼ ባለ 100 ዋት ላግባበት፤ አምፖል መቀየር ምን አለበት?» ይላል። እንግዲህ እናስላ። ኃይልን ለቮልት ስናካፍል የኤሌክትሪኩን ፍሰት እናገኛለን። 60 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 5 አምፔር፣ 100 ዋት ለ12 ሲካፈል ደግሞ 8.3 አምፔር ነው። ገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን የሚያድገው በፍሰቱ ካሬ ነው፤ 8.3 ለ5 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 2.8 ገደማ ይመጣል። ገመዱ በፊት ከነበረበት ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይሸከማል ማለት ነው! ለ5 አምፔር የተሠራ አሮጌ ገመድ ሽፋኑ ቢቀልጥ አይደንቅም። ፊውዙ ሲቃጠል በሽቦ የሚተካ ካለ ደግሞ እሳት ጠራ ማለት ነው። ያው አምፖል በተመሳሳይ ዋት መቀየር የእኛ ሥራ ነው፤ ዋቱን መጨመር ግን ገመዱንም መለወጥ ስለሚጠይቅ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ የተነሳ «እጅህን አትንካ» ማለታችን አይደለም። ወንድምየው እንኳ እስከ ዛሬ የሞተር ዘይታቸውን በራሳቸው እጅ ይቀይራሉ፤ እኛ ነን ያሳየናቸው። የጎበጠውን ቸርኬ ደግሞ ሦስታችን ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን አስቃንተናል። የእኛ ጥፋት መሥራታችን ሳይሆን፣ በዘይትና በካንዴላ የተሳካልንን ይዘን ፍሬኑንም ያወቅን መምሰላችን ነው። ክፍል ውስጥ ቆመን ተማሪ ያላጠናነውን ሲጠይቀንም ይኸው ፈተና ይመጣብናል። ፔዳሉ ከፍ ስላለ ብቻ «ሠራ» አንበል፤ ጭነን አንድ ደቂቃ እንቆይና እንይ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የእጅ ፍሬን የእግር ፍሬን ዘይት ሲያልቅ ለምን ይሠራል?

2. ባለ 55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ስንት አምፔር ይስባል?

3. በትምህርት ቤታችሁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ ምረጡና ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁበት። የትኛውን ጥገና ራሳችሁ ትሠራላችሁ? የትኛውን ትተዋላችሁ? ለምን?

መልሳችሁን ጽፋችሁ ለጋዜጣው አዘጋጆች ብትሰጡ በሚቀጥለው እትም አብረን እንወያይበታለን። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።